ከተጫዋችነት ወደ ጌም ሠሪነት፦ ጀማሪዎች ስክሪፕት መጻፍን እንዴት ተማሩት?

የምትወዱትን የኦንላይን ጌም እየተጫወታችሁ «ይሄ በር ለምን እንዲህ አይከፈትም?» ወይም «እኔ ብሠራው ኖሮ ጭራቁን ቀስ እንዲል አደርገው ነበር» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ካላችሁ ሳታውቁት ስለ ስክሪፕት ጠይቃችኋል ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ከበድ ይላል፤ ከየት ልጀምር? ወፍራም የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ይዤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ልዝለቅ? ወይስ የሰው ኮድ ቀድቼ ልለጥፍና የሚሆነውን ልይ?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ተማሪዎች፣ መምህራንና ጌም ሠሪዎች 60 ዓመት ገደማ ሲሞክሩት ኖረዋል። የተሳካላቸው አሉ፤ ሞክረው የተዉትም ብዙ ናቸው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማየት ታሪኩን ከመነሻው እንከተል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ስክሪፕት ምንድነው?

አንድን ጌም ለሁለት ከፍላችሁ አስቡት። አንደኛው ክፍል ሞተሩ ነው፤ ምስሉን የሚስለው፣ ድምፁን የሚያሰማው፣ የተወረወረ ኳስ ተመልሶ መሬት ላይ እንዲያርፍ የሚያደርገው። ሁለተኛው ስክሪፕቱ ነው፤ «ተጫዋቹ ቁልፉን ሲነካ በሩ ይከፈት፣ ከ5 ሰከንድ በኋላ ይዘጋ» የሚለው ትእዛዝ። በቲያትር ብንመስለው ሞተሩ መድረኩ፣ መብራቱና መጋረጃው ነው። ስክሪፕቱ ደግሞ ማን መቼ እንደሚገባ፣ ምን እንደሚናገር የሚወስነው ጽሑፍ ነው። መድረክ ለመሥራት አናጺም የመብራት ባለሙያም ያስፈልጋል። ጽሑፉን ግን እርሳስና ወረቀት ያለው ሁሉ ሊሞክረው ይችላል። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጌም ሥራ በስክሪፕት በር የሚገቡት ለዚህ ነው።

ፊደል በፊደል እየተየቡ መማር

እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካው ዳርትመዝ ኮሌጅ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ የተባሉ ሁለት የሒሳብ መምህራን ቤዚክ የተሰኘውን የፕሮግራም ቋንቋ ይፋ አደረጉ። ዓላማቸው የሳይንስ ተማሪ ያልሆነውም ኮምፒውተር እንዲጠቀም ማድረግ ነበር። በዚያን ጊዜ ፕሮግራም በአብዛኛው የሚጻፈው ወረቀት ካርድ ላይ ቀዳዳ እየበሱ ነው። ካርዱን ለኮምፒውተር ክፍሉ ሠራተኛ ትሰጣላችሁ፣ መልሱን ደግሞ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ትቀበላላችሁ። አንዲት ነጥብ ከተሳሳተች እንደገና ሌላ ቀን። ዳርትመዝ ውስጥ ግን ብዙ ተማሪዎች አንድን ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ እየተካፈሉ መልሱን በሰከንዶች ያገኙ ጀመር። ጀማሪው ስሕተቱን የሚያየው ሐሳቡ ሳይቀዘቅዝ ሆነ። ይህን ነጥብ ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ተማሪዎቹ ታዲያ ወዲያው ምን መጻፍ ጀመሩ? ጌም! እ.ኤ.አ. በ1973 ዴቪድ አል የተባለ ሰው በቤዚክ የተጻፉ 101 ጌሞችን ሰብስቦ በመጽሐፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው አዲሱ እትም ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። መጽሐፉ ውስጥ ሲዲ የለም፣ ማውረጃ ሊንክ የለም። ኮዱ ወረቀት ላይ ታትሟል፤ አንባቢው ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ ፊደል በፊደል ይተይበዋል። አሰልቺ ይመስላል አይደል? ነገር ግን አንድ ፊደል ከተሳሳተ ጌሙ አይሠራም። ስለዚህ ልጁ የተየበውን ከወረቀቱ ጋር መስመር በመስመር ማስተያየት ግድ ይሆንበታል። ሳይታወቀው ኮድ ማንበብ ይለምዳል። ከዚያ «ይሄን 10 የሚለውን 100 ባደርገው ምን ይሆናል?» ይላል። ይቀይረዋል፣ ያየዋል። የብዙ ጌም ሠሪዎች ጉዞ በዚህች አንዲት ቁጥር ተጀመረ።

በዚሁ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ሲሞር ፓፐርት፣ ሲንቲያ ሰሎሞንና ዋሊ ፎይርዛይግ ሎጎ የተባለ የልጆች ቋንቋ ሠርተው ነበር። ፓፐርት ደቡብ አፍሪካ የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ነው። በሎጎ ልጆች አንዲት «ኤሊ» ወደፊት ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ታጠፊ እያሉ ያዟታል። ኤሊዋ ያልተፈለገ ቦታ ከሄደች ልጁ «ወደቅክ» አይባልም፤ «የት ላይ ነው ነገሩ የተጣመመው?» ተብሎ ይጠየቃል። ስሕተትን መፈለግ ራሱ ትምህርቱ ነው ማለት ነው።

ኮዳችሁን ሌላ ሰው ሲረግጠው

እስካሁን ያየናቸው ጌሞች በአብዛኛው አንድ ሰውና አንድ ኮምፒውተር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዙ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትረብሾ የተባለ ተማሪ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገቡበት የጽሑፍ ዓለም መሥራት ጀመረ። ስሙ መድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራውን ጓደኛው ሪቻርድ ባርትል ተረክቦ አሳደገው። ምስል የሚባል ነገር አልነበረውም፤ «ጠባብ መንገድ ላይ ቆመሃል» ይላችኋል፣ እናንተ ደግሞ «ወደ ሰሜን» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ከዩኒቨርሲቲው ውጪ የነበሩ ሰዎች በስልክ መስመር የሚገቡት ሌሊት ላይ፣ ኮምፒውተሩ ከሥራ ሲያርፍ ነበር። የዛሬዎቹ ትልልቅ የኦንላይን ጌሞች የዘር ሐረጋቸው እዚህ ይደርሳል።

ለእኛ ጥያቄ ወሳኙ ዓመት ግን 1989 ነው። በዚያ ዓመት ሁለት የተለያዩ መንገዶች ተከፈቱ።

ስዊድናዊው ላርሽ ፔንሼ ኤልፒመድን ሠራ። ሞተሩን ከዓለሙ ለየው፤ ክፍሎቹ፣ ጭራቆቹ፣ ጎራዴዎቹ በሙሉ ኤልፒሲ በሚባል ቋንቋ በስክሪፕት ተጻፉ። ጌሙ እየሠራ ሳለ አዲስ ነገር መጨመር ተቻለ። ማን ይጨምር? ጌሙን ተጫውቶ ከፍተኛው ደረጃ የደረሰ ሰው «ጠንቋይ» ይባልና ኮድ እንዲጽፍ ይፈቀድለታል። ይህ አሠራር ጥሩ ጎን ነበረው። ሰውየው ኮድ መጻፍ ሲጀምር ዓለሙን እንደ ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ጥሩ ጎራዴ ምን እንደሆነ፣ አሰልቺ ክፍል ምን እንደሚመስል ገብቶታል። ቀድመውት የገቡ ጠንቋዮች ደግሞ ሥራውን ያዩለታል። መጥፎ ጎኑም ግልጽ ነው። ለመጫወት ረጅም ጊዜ የሌለው ሰው የኮዱን በር ሳያይ ይቀራል።

በዚያው ዓመት በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጄምስ አስፕንስ ታይኒመድን አወጣ። እዚህ ደረጃ የለም፤ የገባ ሁሉ የራሱን ክፍል መገንባት ይችላል። ይህን ሐሳብ ስቲቨን ኋይት እ.ኤ.አ. በ1990 ሙ በተባለው ሥርዓት ወደፊት ገፋው፤ ፓቬል ከርቲስም በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ላምዳሙ የተባለውን ዝነኛ ዓለም አቆመበት። በላምዳሙ ተጫዋቹ እዚያው ጌሙ ውስጥ ቆሞ ኮድ ይጽፋል። ከባዶ መጀመር የለበትም። ሌላ ሰው የሠራውን ወንበር «ልጅ» ያስወልደዋል፤ አዲሱ ወንበር የአባቱን ባሕርይ ሁሉ ይወርሳል፣ ተጫዋቹ አንዷን ነገር ብቻ ይቀይራል፤ ሲቀመጡበት ይዘፍን፣ ለምሳሌ። ጎረቤት መጥቶ ሲቀመጥ ይስቃል። ወይም «ተበላሽቷል» ይላል። ሁለቱም ለጀማሪው ትምህርት ናቸው።

ልጆች ብቻ የገቡበት ዓለም

እነዚህ ሁሉ ለመዝናናት የተሠሩ ነበሩ። «ልጆች እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ ፕሮግራሚንግ ይማራሉ ወይ?» ብላ በጥናት የጠየቀችው ኤሚ ብራክማን ናት። በኤምአይቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለች ሙስ ክሮሲንግ የተባለ የልጆች የጽሑፍ ዓለም ከነቀላል ቋንቋው ሠራች፤ ጥናቷን እ.ኤ.አ. በ1997 አጠናቀቀች።

ምን ተገኘ? ልጆቹ የተማሩት ከመመሪያ መጽሐፍ ይልቅ አንዱ ከሌላው ሥራ ነበር። አንዷ ልጅ የሠራችውን የቤት እንስሳ ሌላው ከፍቶ ኮዱን ያያል፤ ካልገባው ሠሪዋን እዚያው ይጠይቃታል። ምሳሌው ባለቤት አለው፣ ባለቤቱ ደግሞ የዕድሜ እኩያ ነው። «እሷ ከቻለች እኔም» የሚል ስሜት ይመጣል።

ግን እዚህ ላይ ቆም በሉ። ውጤቱ እኩል አልነበረም። ጥቂት ልጆች በጣም ርቀው ሲሄዱ ብዙዎች ጥቂት ብቻ ጽፈው ቆሙ። ብራክማንና ባልደረቦቿ ይህን አልደበቁትም፤ ስለ ራሱ ስለ አለመመጣጠኑ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ወንድ ወይም ሴት መሆን በፕሮግራሚንግ ችሎታ ላይ ለውጥ እንዳላመጣ አሳዩ። ለውጥ ያመጣው ቀደም ብሎ ፕሮግራሚንግ መንካት ነው፤ ያን ዕድል ይበልጥ ያገኙት ደግሞ ወንዶቹ ነበሩ። አያችሁ? «ተሰጥኦ» የሚመስለን ነገር ብዙ ጊዜ ቀድሞ መጀመር ነው። ችግሩን ለማቅለል አዘጋጆቹ ልጆች ደረጃ በደረጃ የሚያገኙት የክብር ምልክት ጨመሩ፤ ነፃነት ብቻውን ለሁሉም አልበቃም ነበርና።

ከብራዚል የመጣችው ጨረቃ

አሁን የቋንቋውን ታሪክ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1996 ኢድ ሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ ክዌክ የተሰኘውን ጌም ሲያወጣ የጌሙን ሕግጋት የሚወስነውን ስክሪፕት ለተጫዋቾች ለቀቀ። ወጣቶች የነበረውን ጠመንጃ እየቀያየሩ አዲስ ጌም ሠሩ፤ ሦስት አውስትራሊያውያን የሠሩት ቲም ፎርትረስ ከዚያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ሃፍላይፍ ከተባለው ጌም ላይ ካውንተር ስትራይክ ተወለደ፤ የጀመሩት ሁለት ወጣቶች ናቸው።

ዛሬ ለጀማሪ በጣም የሚቀርበው የጌም ስክሪፕት ቋንቋ ግን ከጌም ኩባንያ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1993 በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጄኔሮ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮቤርቶ የሩሳሊምስኪ፣ ዋልደማር ሴለስና ሉዊስ ኤንሪኬ ደ ፊጌሬዶ ሉዋን ሠሩ። በዚያ ዘመን ብራዚል የውጭ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር እንዳይገባ የንግድ ገደብ ጥላ ስለነበር መሣሪያውን ራስ መሥራት የተለመደ ነበር። ቋንቋው የታሰበው ለነዳጅ ኩባንያው ለፔትሮብራስ መሐንዲሶች ነው፤ እነሱ ደግሞ ፕሮግራመሮች አልነበሩም። ስለዚህ ቀላል፣ ትንሽ፣ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ የሚገባ መሆን ነበረበት። ከእሱ በፊት የነበረው ቋንቋ ሶል ይባል ነበር፤ በፖርቱጋልኛ ፀሐይ ማለት ነው። አዲሱ ጨረቃ ተባለ፤ ሉዋ።

ለነዳጅ መሐንዲስ የተቀለለው ለ12 ዓመት ልጅም ቀለለ። ሉካስአርትስ ግሪም ፋንዳንጎ በተባለው የ1998 ጌሙ ተጠቀመበት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ተጫዋቾች የስክሪናቸውን ቁልፎችና ሠንጠረዦች በሉዋ እንዲቀይሩ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው ሮብሎክስም ሉዋን መረጠ፤ ዛሬ ሉዋው የተባለ የራሱ ዓይነት አለው።

ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ደስ የሚል ሙከራ ልንገራችሁ። ሉዋን «ሰላም» የሚለው ቃል ርዝመቱ ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቁት 3 ሳይሆን 9 ይላችኋል! ተሳስቶ አይደለም። የተለመደው የርዝመት ምልክት የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል ደግሞ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። የተጫዋቹ ስም ከ12 እንዳይበልጥ ብላችሁ ስክሪፕት ብትጽፉ አማርኛ ጸሐፊው ከ4 ፊደል በኋላ ይታገዳል። መፍትሔው ፊደል የሚቆጥረውን ሌላውን መሣሪያ መጠቀም ነው። ይህን ከመጽሐፍ ብታነቡት ትረሱታላችሁ፤ ስማችሁ ሲቆረጥ ግን አትረሱትም።

ሳይንሱ ምን ይላል?

የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ የሚያስበው ነገር ውስን ነው። ጀማሪ ባዶ ስክሪን ፊት ተቀምጦ የቋንቋውን ሕግ፣ የጌሙን አሠራርና የራሱን ሐሳብ አንድ ላይ ሊይዝ ሲሞክር ይጨናነቃል። አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. በ1985 ከግሬሃም ኩፐር ጋር ባሳተመው የአልጀብራ ጥናት፣ ጀማሪዎች ራሳቸው ብዙ ጥያቄ ከሚታገሉ ይልቅ ተሠርተው ያለቁ ምሳሌዎችን ቢያጠኑ በተሻለ እንደሚማሩ አሳየ። ሰውየው ሲጎብዝ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የተሠራ ምሳሌ አይጠቅመውም፣ ራሱ መሥራት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2011 አይሪን ሊና ባልደረቦቿ ልጆች ፕሮግራሚንግ የሚማሩበትን መንገድ በሦስት ቃል ገለጹት፤ ተጠቀም፣ ቀይር፣ ፍጠር። በእንግሊዝ ደግሞ ሱ ሴንታንስ ከዚህ በፊት ሌላ ደረጃ አስገባች፤ ኮዱን ከማስኬዳችሁ በፊት ምን እንደሚሆን ገምቱ። ከዚያ አስኪዱት፣ መርምሩት፣ ቀይሩት፣ በመጨረሻ የራሳችሁን ሥሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት በዚህ መንገድ የተማሩት ተማሪዎች ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። እነዚህ ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር የአል መጽሐፍ አንባቢዎችና የላምዳሙ ተጫዋቾች ሳይነገራቸው ሲያደርጉት የነበረ ነው።

የባለሱቁ የዱቤ ደብተር

የኦንላይን ጌም ስክሪፕት ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለውም እዚህ ነው። የእናንተ ስልክ ወይም ኮምፒውተር አንድ ነገር ያስኬዳል፤ ሩቅ ያለው ሰርቨር ሌላ ያስኬዳል። ለተጫዋቹ 100 ሳንቲም የሚሰጥ ስክሪፕት ጽፋችሁ በእናንተ ስክሪን ላይ 100 ይታያል፤ ዕቃ ልትገዙበት ስትሉ ግን ሰርቨሩ «ምንም የለህም» ይላል። ለምን?

የሰፈራችሁን ሱቅ አስቡ። ዱቤ የሚወስድ ሰው የራሱን ወረቀት ይዞ «ከፍያለሁ» ብሎ ቢጽፍ ዕዳው አይሰረዝም። የሚቆጠረው የባለሱቁ ደብተር ነው። ሰርቨሩ ባለሱቁ ነው፤ የተጫዋቹ መሣሪያ ደግሞ የደንበኛው ወረቀት። ሮብሎክስ ለዓመታት የቆዩ ጌሞች በአንድ ተጫዋች መሣሪያ ላይ የተደረገ ለውጥ ለሁሉም እንዲደርስ ይፈቅዱ ነበር፤ አጭበርባሪዎች በዚህ ቀዳዳ እየገቡ የሌላውን ጌም ያበላሹ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ተዘጋ። ስለዚህ ገና ስትጀምሩ እያንዳንዱ ስክሪፕት ላይ «ይሄ የሚሠራው በማን ደብተር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ታዲያ እናንተ ከየት ትጀምሩ?

ከምታውቁት ጌም ጀምሩ። የኤልፒመድ ጠንቋይ ትልቁ ሀብቱ ዓለሙን በእግሩ ማወቁ ነበር።

ከዚያ አጭር፣ የሚሠራ ስክሪፕት ፈልጉ፤ 10 መስመር ይበቃል። ከማስኬዳችሁ በፊት ምን እንደሚሆን ወረቀት ላይ ጻፉ። ግምታችሁና የታየው ነገር ከተለያዩ እዚያች ልዩነት ውስጥ ትምህርት አለ። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ወዲያው አስኪዱ፤ የዳርትመዝን ሰከንዶች አስታውሱ። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳበላሸው አታውቁም።

ያልገባችሁን ኮድ አትለጥፉ። በነፃ የሚታደሉ የጌም ዕቃዎች ውስጥ ተንኮል ያለበት ስክሪፕት ተደብቆ ይገኛል፤ ጌማችሁን ለማታውቁት ሰው የሚከፍት አለ። ዛሬ ደግሞ በጥያቄ ብቻ ኮድ የሚጽፉ መሣሪያዎች መጥተዋል። ጠቃሚ ናቸው፤ ግን የአል አንባቢ ፊደል በፊደል ሲተይብ ሳይወድ በግዱ ያነብ ነበር፣ እናንተ ግን ማንበቡን ራሳችሁ መምረጥ አለባችሁ። እያንዳንዱን መስመር ለታናሽ እህታችሁ ማስረዳት እስክትችሉ ድረስ ኮዱ የእናንተ አይደለም።

የሠራችሁትን ለሰው አሳዩ። ትንሽ ይሁን ግድ የለም። ኮዱን ክፍት አድርጉት፤ ሌላ ጀማሪ ከእናንተ ይማራል። በተለይ «ይሄ የእኔ ነገር አይደለም» የምትል ጓደኛ ካለቻችሁ አጠገባችሁ አስቀምጧትና ኪቦርዱን ስጧት። የሙስ ክሮሲንግ ጥናት እንዳሳየን የሚጎድላት ተሰጥኦ ሳይሆን የመጀመሪያው ቀን ሊሆን ይችላል።

«ኢንተርኔቴ ውድ ነው፣ ኮምፒውተሬም ያረጀ ነው» የምትሉም ተስፋ አትቁረጡ። ሉዋ ከነመመሪያው ሲወርድ በስልክ ከተነሳ አንድ ፎቶ ያንሳል፤ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አሮጌ ማሽንም አይከብደውም። መጀመሪያ «ሰላም» ብላችሁ ርዝመቱን ጠይቁት። ከዚያ የራሳችሁን ስም ጻፉለት፤ ግን ከማስኬዳችሁ በፊት ስንት እንደሚላችሁ ወረቀት ላይ ገምቱ።